ፋሲካ ሳይደርስ ውሻዬን ላስላጫት? የፀጉሯ መርገፍ አስጨንቆኛል

የበረዶ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

በረዶ የምትባል ሃስኪ ውሻ አለችኝ። አራት ዓመቷ ነው። ውሮ የምትባል ድመትም አለችን። ሁለቱም የሚኖሩት ቤት ውስጥ ነው። አየሩ ሞቅ ማለት ከጀመረ ወዲህ የበረዶ ፀጉር እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ነው የሚወድቀው። በእጄ ጨብጬ ሳብ ሳደርገው ምንም ሳያማት ተነቅሎ ይወጣል። ጠዋት ጠርጌ እወጣለሁ፣ ከሥራ ስመለስ ምንጣፉ እንደገና ነጭ ሆኗል። የውሮ ዓመት ሙሉ ትንሽ ትንሽ ነው። ሰሞኑን ግን እሷም ብሶባታል። ሁለት ጊዜ የፀጉር ኳስ አስመልሳለች።

ብቻዬን ሳለሁ ችዬው ነበር። አሁን ግን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ከአምስት ዓመት በኋላ ነው የተገናኘነው። እማዬ ውሻ ግቢ ውስጥ እንጂ ሳሎን ውስጥ አይታ አታውቅም። ቢሆንም አልተናገረችኝም። ጋቢዋን ደርባ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ ስትነሳ ጋቢው ሙሉ ፀጉር ሆኗል። ባለፈው እሁድ ሽሮው ውስጥ አንድ ፀጉር አገኘች። ከዚያ ወዲህ ከመጉረሷ በፊት እንጀራውን ገለጥ አድርጋ ታያለች። ምንም አትልም። ያንን ሳይ ነው አንጀቴ የሚላወሰው።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ዘመድ ይመጣል፣ ነጭ ልብስ ይለበሳል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ሙሉ በሙሉ አስላጪያት፣ ፀጉር ከሌለ የሚረግፍ የለም» አለችኝ። ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሆዴ ግን እሺ አላለኝም። ላስላጫት ወይስ ሌላ መላ አለ?

ሃያ ሁለት (አዲስ አበባ)

አስላጪያትና ተገላገዪ። ፀጉር ነው፣ ይበቅላል። የእናት ምቾት ይቀድማል።

መቀስ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ እባክሽ ቀጠሮውን ሰርዢው። እናትሽንም እንኳን ደህና መጡ በይልኝ።

የምሠራው የውሻ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሃስኪ ይዞ መጥቶ «ላጭልኝ» የሚል ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ያንቺኑ ምክንያት ነው። «ፀጉር ነው፣ ይበቅላል» የሚለው ግን ለሁሉም ውሻ አይሠራም።

የሃስኪ ፀጉር ድርብ ነው። ከላይ ረዘም፣ ጠንከር ያለ ፀጉር አለ። እሱን ካፖርት በዪው። ከስር ደግሞ እንደ ጋቢ የሚሞቅ፣ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር አለ። አሁን ቤትሽን የሞላው የታችኛው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ስፕሪንግና ፎል ላይ (ብርዱ ሲለቅና ብርዱ ሊመጣ ሲል)፣ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይረግፋል። የላይኛው በአብዛኛው ይቆያል፣ ሲበቅልም ቀስ ብሎ ነው። የመላጫ ማሽኑ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ይቆርጣል። ከዚያ የታችኛው ቀድሞ ይበቅላል፣ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ውሻዋ ውሃ የሚመጥ፣ ቆሻሻ የሚይዝ፣ የተቋጠረ ፀጉር ይዛ ትቀራለች። አንዳንዴ የተላጨው ቦታ ስድስት ወር፣ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሳይበቅል ይቆያል። እኔ ሥራውን ስጀምር ባለቤቱ ስለለመነኝ ብቻ አንድ ፖሜራኒያን የሚባል ትንሽ ውሻ ላጭቻለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ጀርባው ራቁቱን ነበር። ሰውዬው አልተቆጣኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሙቀቱንም አስቢው። የላይኛው ፀጉር ቆዳዋን ፀሐይ እንዳያቃጥለው ይጋርዳል። የሞተው የታችኛው ፀጉር ተበጥሮ ከወጣ በፀጉሯ መሃል አየር ይገባል። ለውሻዋ የሚቀልላት ያኔ ነው።

ደግሞ ብትላጭም መርገፉ አይቆምም። ረጅሙ ፀጉር በአጭሩ ይተካል እንጂ። አጭሩ ደግሞ እንደ መርፌ ጨርቅ ውስጥ ይሰካል። ከጋቢ ላይ ለመልቀም ከረጅሙ የባሰ ነው። መርገፉን ማንም አያስቆመውም። በእጅሽ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ፀጉሩ ምንጣፉ ላይ ሳይወድቅ ብሩሹ ላይ እንዲቀር ማድረግ።

የበረዶ እናት

ቀጠሮውን አሁን ሰረዝኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ።

ብሩሽ አለኝ፤ ጥርሱ እንደ ምላጭ የሆነ፣ «ፀጉር መርገፍ ይቀንሳል» ተብሎ የሚሸጠው። ሰሞኑን በየቀኑ ነበር የምጠቀምበት። አሁን ሆዷን ገልጬ ሳየው ቆዳዋ ቀላ ብሏል። ጎዳኋት?

መቀስ

ለሳምንት አስቀምጪው። ያ ብሩሽ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ በየቀኑ፣ ያውም ተጫን አድርገው ሲጠቀሙበት ግን የላይኛውን ፀጉር ይቆርጣል፣ ቆዳም ይፍቃል። መቅላቱ ሲጠፋ በሳምንት አንዴ፣ እጅሽን ቀለል አድርገሽ፣ ጀርባና ጭን ላይ ብቻ። ሆድ ላይ በጭራሽ።

ለየቀኑ የሚሆንሽ ጥርሱ ረጅም፣ ጫፉ ደብዘዝ ያለ፣ ሬክ የሚሉት ማበጠሪያ ነው። የታችኛውን ፀጉር ፈልፍሎ የሚያወጣው እሱ ነው። ከሱ ቀጥሎ ቀጫጭን የሽቦ ጥርስ ያለው ስሊከር ብሩሽ። መጨረሻ ላይ ተራ የብረት ማበጠሪያ ለመፈተሻ። የብረት ማበጠሪያው ከቆዳዋ እስከ ጫፍ ሳይያዝ ካለፈ ያ ቦታ አልቋል ማለት ነው። ማንኛውንም ብሩሽ እሷ ላይ ከመሞከርሽ በፊት ክንድሽ ውስጠኛው ክፍል ላይ ሳቢው። አንቺን ከፋቀሽ እሷንም ይፍቃታል።

አበጣጠሩ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከላይ ከላይ መሄዱ ነው። ከላይ ያማረ ይመስላል፣ ከስር ግን እንደ ብርድ ልብስ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ በግራ እጅሽ ፀጉሩን ወደ ላይ ግለጪው። ቆዳዋ እንደ ፀጉር ክፍያ መስመር ይታይሻል። ከዚያች መስመር ላይ ጥቂቷን ብቻ ወደ ታች አበጥሪ። ሲያልቅ መስመሩን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጊ። ከእግር ጀምረሽ ወደ ጀርባ ውጪ። ጭኗ ከኋላ፣ አንገቷ ዙሪያና ጅራቷ ሥር ብዙ ፀጉር ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። ከቤት ውጪ አድርጊው፣ ነፋስ በሌለበት።

መታጠብ በጣም ይረዳል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ማበጠር፣ ከዚያ ማጠብ። የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይጠብቃል። ለብ ያለ ውሃና የውሻ ሻምፖ ተጠቀሚ። የሰው ሻምፖ ለሰው ቆዳ የተሠራ ነው፣ የእሷን ያደርቀዋል። በደንብ አለቅልቂያት። ከዚያ እስከ ቆዳዋ ድረስ አድርቂያት፣ የፀጉር ማድረቂያውን ቀዝቃዛው ላይ አድርገሽ። ከስር እርጥብ ከቀረ ቆዳዋ ይቆስላል። ስታደርቂ የሚበርረውን ፀጉር ስታዪ ትደነግጫለሽ፣ አትፍሪ። ሶፋሽ ላይ ሊመጣ የነበረው እሱ ነው።

ሰሜን ብርሃን (ስቶክሆልም)

ሁለት ሃስኪዎች አሉኝ፤ እዚህ ከበረዶው ጋር ስለሚስማሙ ነው የያዝኳቸው። አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ ፀጉራቸው የሚረግፈው ሙቀት ሲመጣ ነው ብሎ ያስባል። ሙቀትም ድርሻ አለው፤ ዋናው ቀስቃሽ ግን የቀኑ ርዝመት ነው። ዓይናቸው ብርሃኑ መርዘሙን ያያል፣ ሰውነታቸው ልብስ መቀየሪያው ደረሰ ይላል። ስቶክሆልም ዲሴምበር ላይ የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ነው፣ ጁን ላይ ከ18 ሰዓት በላይ። ሜሪላንድም ከ9 ሰዓት ተኩል ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። ለዚህ ነው ገና ብርዱ ሳይለቀን የእኔዎቹ ማርች ላይ የሚጀምሩት።

ቤት ውስጥ የሚኖር እንስሳ ደግሞ ማታ መብራት ስለሚበራበት ወቅቱ ይምታታበታል። የውሮ ዓመት ሙሉ ትንሽ ትንሽ መርገፍ ከዚህ ይመስለኛል።

ጉለሌ (አዲስ አበባ)

ይሄ አሁን ነው የገባኝ። የእኛ ቡቺ የሀበሻ ውሻ ነው። አስር ዓመት አብሮን ሲኖር እንዲህ ያለ ነገር አይተንበት አናውቅም። አዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት ልዩነት ከክረምት እስከ በጋ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ለካ ሰውነቱን የሚቀሰቅሰው የለም። ጎረቤታችን ያለው ጀርመን ሼፐርድ ግን ዓመቱን ሙሉ ያረግፋል።

የምጠይቀው አለኝ። ቡቺ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ወገቡ ላይ ፀጉሩ እየሳሳ ነው። ያካል፣ ጅራቱ ሥር ይነክሳል። ይሄም ወቅታዊ ነው እንዴ? የምንሰጠው የቤት ትርፍራፊ ነው፣ እንጀራ በወጥ።

የቢሾፍቱ ሐኪም (ቢሾፍቱ)

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ለጉለሌ ልመልስና ለሁላችሁም የሚሆን ነገር አለኝ።

ወቅታዊ መርገፍ በመላ ሰውነት ላይ እኩል ነው። ቆዳው ንጹሕ ነው፣ እንስሳው አያክም። አንድ ቦታ ተለይቶ ከሳሳ፣ ካከከ፣ ከቀላ፣ ቅርፊት ካለው ወይም ከሸተተ ነገሩ ሌላ ነው። የቡቺ አቀማመጥ፣ ወገብና ጅራት ሥር፣ የቁንጫ ነው የሚመስለው። ቤትህ ሞክረው። ነጭ ሶፍት አርጥብና መሬት ላይ ዘርጋ። ውሻውን በላዩ አቁመህ ጅራቱ ሥር በማበጠሪያ አራግፍ። የሚወድቁት ጥቁር ፍርፋሪዎች ሶፍቱ ላይ ቀይ ቡናማ ሆነው ከቀለጡ የቁንጫ ኩስ ነው። የጠጣው ደም ነው የሚቀልጠው። ቁንጫ ባታገኝም አምጥተህ አስመርምረው፤ እከክም ሊሆን ይችላል።

ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ ፀጉር ካያችሁ ጭርትን ጠርጥሩ። ከድመትና ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ በተለይ ወደ ልጆች። አካለ መጠን ያለፈ ውሻ ሁለቱም ጎኑ እኩል እየተመለጠ፣ እየወፈረና እየደከመ ከመጣ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። የታይሮይድ ችግር እንዲህ ያደርጋል። የወለደች ውሻ ከወራት በኋላ ፀጉሯ በብዛት ቢረግፍ ግን አትደንግጡ፣ በደንብ ስትመገብ ይመለሳል።

ስለ ምግቡ። ፀጉር ማለት ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። እንስሳው ከሚያስፈልገው ፕሮቲን እስከ ሩብ ያህሉ ለፀጉርና ለቆዳ ሊሄድ ይችላል። እንጀራ ብቻ የሚበላ ውሻ ፀጉሩ ደርቆ፣ ፎረፎር አውጥቶ ቢረግፍ አይገርምም። ወጡ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለው። ሁለቱም የውሻንም የድመትንም ደም ያበላሻሉ፤ ድመት ላይ ይብሳል። ስለዚህ ለቡቺ ከወጡ በፊት፣ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ለብቻው አውጡለት። የጥሬ ሥጋ ትርፍራፊ ከሉካንዳ ቤት አታምጡ። በተለይ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ከተሰጠ ለሰው የሚተርፍ የትል በሽታ ያመጣል።

ጉለሌ

ዶክተር፣ ሶፍቱን ሞከርኩት። እንዳሉት ቀይ ሆነ። አፍሬያለሁ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ «የወቅት ነው» እያልን ነበር። ነገ እወስደዋለሁ። ቤት ውስጥ ድመትም አለች፤ ለውሻው የሚሰጡኝን መድኃኒት ለእሷም ላካፍላት?

የቢሾፍቱ ሐኪም

አታካፍላት! ለውሻ የሚሆኑ አንዳንድ የቁንጫ ጠብታዎች ፐርሜትሪን የሚባል መድኃኒት አለባቸው። ውሻውን አይጎዳም። ድመትን ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታልም። ድመት እንዳለህ ለሐኪሙ ንገረውና የራሷን ይስጥህ። ውሻው ላይ ፐርሜትሪን ያለበት ከተደረገ እስኪደርቅ ድረስ አብረው እንዳይተኙ። የሚተኙበትን ጨርቅ በሙቅ ውሃ እጠብ። ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚቀባው።

የሩቅ እህት (ዱባይ)

ስለ ድመት ስላነሳችሁ ነው የምጽፈው። ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሁለት ፐርሺያን ድመቶች አሉ። ሦስት ዓመት የማበጥራቸው እኔ ነኝ። እዚህ ኤሲው ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ መብራቱም እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል። ስለዚህ ፀጉራቸው ጥርም ሐምሌም ያው ነው።

ውሮን ማበጠር ከፈለግሽ መጀመሪያ ማበጠሪያውን ምግቧ አጠገብ አስቀምጪው። ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ትሽተተው። ከዚያ አገጯና ጉንጯ ላይ ጀምሪ። ድመት እዚያ መታከክ ትወዳለች። አንድ ደቂቃ ብቻ አድርገሽ የምትወደውን ነገር ስጫት፣ ተዪያት። በማግስቱ ጀርባዋን ጨምሪ። ሆዷ መጨረሻ ነው፤ ብዙዎቹ ሆዳቸውን አይሰጡም። ጅራቷን መወዝወዝ ከጀመረች ወይም ጆሮዋ ወደ ኋላ ከተኛ አቁሚ። ሳትናደድ ካቆምሽ ነገ ትመጣለች። ተናድዳ ከሄደች ሳምንት አታስነካሽም። ፀጉሯ አጭር ከሆነ የጎማ ብሩሽ ይበቃታል።

አንድ ነገር ለምኜ ልንገርሽ። የተቋጠረ ፀጉር ካገኘሽ በመቀስ እንዳትቆርጪው። የድመት ቆዳ ስስ ነው፤ ፀጉሩ ሲሳብ ቆዳው አብሮ ይነሳል፣ ዓይንሽ አይለየውም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የአንዷን ድመት ብብት ሥር ያለውን ስቆርጥ ቆዳዋን ቀደድኩት። ደሙን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። እንደሚያባርሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሐኪም ቤት ተሰፋላት፣ ዳነች። አሁን ትንሽ የበቆሎ ዱቄት፣ ነጩን ስታርች፣ እነሰንስበትና ሥሩን በጣቴ ይዤ ከጫፉ ጀምሬ ቀስ እያልኩ እፈታዋለሁ። ካልተፈታ ባለሙያ ጋ ትሄዳለች።

የበረዶ እናት

የሩቅ እህት፣ እግዜር ያክብርሽ። ሦስት ዓመት የሰው አደራ መያዝ ቀላል አይደለም። ጽሑፍሽን ለእማዬ አነበብኩላት፣ «እጇ ይባረክ» ብላሻለች።

ዶክተር፣ የፀጉር ኳሱስ? አያቴ ድመት ስታስመልስ ቅቤ ታስልስ ነበር። ተልባስ ይረዳል? እዚህ አለኝ።

የቢሾፍቱ ሐኪም

የድመት ምላስ ወደ ውስጥ የታጠፉ ጥቃቅን እሾሆች አሉት። ስትልስ የሞተውን ፀጉር ሁሉ ይይዛል፣ መትፋት ስለማትችል ትውጠዋለች። አብዛኛው በኩስ ይወጣል። የቀረው ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይመለሳል። ስለዚህ የፀጉር ኳስ መድኃኒቱ ያው ማበጠር ነው። ቅቤ ምግብ ነው፣ ትንሹ አንጀት ላይ ይፈጫል እንጂ ፀጉሩን አንሸራቶ አያወጣም። ሲበዛ ያስቀምጣታል። ለፀጉር ኳስ ተብሎ የተዘጋጀ ቅባት ሐኪም ጋ አለ። ውሃ በደንብ እንድትጠጣ አድርጉ።

ተልባ ለውሻ በጥቂቱ፣ የተፈጨው ወይም ዘይቱ አይከፋም። ድመት ግን ሥጋ በል ናት። በተልባ ውስጥ ያለውን ኦሜጋ 3 የሚባል የስብ ዓይነት ሰውነቷ ወደሚጠቅማት ዓይነት አይቀይረውም። ለእሷ የሚሆነው ከዓሣ የተገኘው ነው። መጠኑን በክብደቷ ሐኪም ይወስንላችሁ፤ ለውጡም እስኪታይ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ከፋርማሲ የሚገዛው የዓሣ ጉበት ዘይት ሌላ ነገር ነው። ቫይታሚን ኤ እና ዲ ስለሚበዛበት አትስጡ።

ድመቷ ለማስመለስ ደጋግማ ታግላ ምንም ካልወጣላት፣ ምግብ እምቢ ካለች ወይም ኩስ ካጣች ግን ሳታድር ውሰዷት። አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ጢም አፍቃሪ (አትላንታ)

ከርዕሱ ብዙ ሳልወጣ ልጠይቅ። የእኔ ድመት ወገቧ ላይ ሳስታለች። እኔ ለጢሜ የምቀባው ሚኖክሲዲል የሚባል ፀጉር ማብቀያ አለ፣ ለእኔ ሠርቷል። ጥቂት ብቀባት ቶሎ ይበቅልላት ይሆን?

የቢሾፍቱ ሐኪም

በፍጹም እንዳታደርገው። ሚኖክሲዲል ለድመት መርዝ ነው። በጣም ትንሽ መጠን እንኳን የደም ግፊቷን አውርዶ፣ ልቧን ጎድቶ፣ ሳንባዋን ውሃ ሞልቶ ሊገድላት ይችላል። ቀብተሃት ከሆነ ይህን ማንበብ አቁምና አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ።

ጢም አፍቃሪ

አልቀባኋትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ማታ ትራሴ ላይ ነው የምትተኛው። ፊቴንም ትልሰኛለች።

የቢሾፍቱ ሐኪም

የትራስ ልብስህንና አንሶላህን ዛሬውኑ እጠብ። ስትቀባ እሷ ክፍል ውስጥ አትኑር። ከቀባህ በኋላ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ፊትህን አታስልሳት፣ እሷም አልጋህ ላይ እንዳትተኛ። መተንፈስ ካፈጠነች ወይም ከደከመች ወዲያው ውሰዳት። መድኃኒቱን እንደምትጠቀም ለሐኪሟ ንገረው። ወገቧ የሳሳበትንም ምክንያት አብረህ አስመርምር። ድመት ስትጨነቅ ወይም ሲያሳክካት ራሷን ልሳ ልሳ ልትመልጠው ትችላለች።

ጢም አፍቃሪ

አንሶላው ማሽን ውስጥ ገብቷል። ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ቀጠሮ አግኝቻለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን ውይይት ባልከፍተው ኖሮ ቅዳሜ ልቀባት አስቤ ነበር።

የበረዶ እናት
ከሦስት ሳምንት በኋላ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

ሬኩን የገዛሁት በማግስቱ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ባልኮኒው ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆየን። ሁለት ፌስታል ሙሉ ፀጉር ወጣ። በረዶ ደክሟት እጄ ላይ አንቀላፋች። ከዚያ በየቀኑ ሃያ ሃያ ደቂቃ። ቅዳሜ አጠብኳት። ማድረቁ ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ የወጣው ፀጉር ግን ከሳምንቱ ሁሉ ይበልጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በቀን አንድ እፍኝ ብቻ ሆነ። የሆዷ መቅላት ጠፍቷል።

የእማዬን ነገር ልንገራችሁ። እማዬ የመንዝ ልጅ ናት። በልጅነቷ የበግ ፀጉር ስትባዝትና ስትፈትል ነው ያደገችው። በአራተኛው ቀን ባልኮኒው ላይ ሆኜ ሳበጥር ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፌስታሉ ውስጥ እጇን አስገብታ ፀጉሩን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «የበግ ቢሆን ይሄ በርኖስ ይወጣው ነበር» አለች። ከዚያ አበጣጠሬን አይታ «ታሳምሚያታለሽ፣ ሥሩን ያዢው» አለችኝ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ሥሩን በግራ እጇ ይዛ፣ ቆዳዋ እንዳይሳብ፣ ከጫፉ እየጀመረች አሳየችኝ። የሩቅ እህት የጻፈችው ራሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የምታበጥራት እሷ ናት። ውሻ ነክታ ስለማታውቅ መጀመሪያ ጓንት ታደርግ ነበር። አሁን ያለ ጓንት ነው።

ውሮን በቀን ሁለት ደቂቃ በጎማ ብሩሽ አበጥራታለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስመለሰችው። የእማዬ መኝታ ቤት በር ሁልጊዜ ዝግ ነው፣ ሁለቱም አይገቡም። ወጥ ስሠራም ኩሽና አይገቡም። የፋሲካ ልብሳችንን በዚፕ ሻንጣ ውስጥ አኑረን ልንወጣ ስንል በር ላይ ለበስነው።

አሁን የቀረኝ ጋቢው ነው። ማሽን ውስጥ አጥቤው ፀጉሩ ጭራሽ ፈትሉ ውስጥ ገባ።

መቀስ

እናትሽ እኛ ቤት ቢመጡ ሥራ አላጣላቸውም ነበር። ሥሩን መያዝ አዲስ ለሚመጣ ሠራተኛ መጀመሪያ የማስተምረው ነው።

ጋቢው ላይ ያጠፋሽው ሳታራግፊ ማጠብሽ ነው። ፀጉር ከረጠበ ጥጥ ውስጥ ይጠመጠማል። አሁን ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ያለ ሙቀት፣ በአየር ብቻ አስር ደቂቃ አሽከርክሪው። ሙቀት ካበራሽ የእጅ ሥራ ጥጥ ይሸበሸባል። ማጣሪያው ላይ የተጠራቀመውን ፀጉር አውጪና ድገሚው። የቀረውን የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ትንሽ አርጥበሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጊው፤ እየተጠቀለለ ይወጣል። ሶፋውንም በዚያው ጓንት። ከዛሬ በኋላ ሁልጊዜ መጀመሪያ ማሽከርከር፣ ከዚያ ማጠብ።

ሰሜን ብርሃን

እናትሽ ያስነጥሳቸዋል እንዴ? የአለርጂ ነገር ካለ መነሻው ፀጉሩ ራሱ አይደለም። በድመት ምራቅና ቆዳ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ፀጉሩ ተሸክሞት ይዞራል። እንደዚያ ከሆነ ውሮን የሚያበጥረው እሳቸው ባይሆኑ ይሻላል። መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሄፓ ማጣሪያ ያለው አየር የሚያጣራ ማሽን አስቀምጪላቸው።

የበረዶ እናት

መጀመሪያ ሳምንት ታስነጥስ ነበር፣ በሩን መዝጋት ከጀመርን ወዲህ ትቷታል። ውሮን የማበጥረው እኔ ነኝ።

ጋቢው ሠራ! ሦስት ጊዜ አሽከረከርኩት። መጀመሪያ ከአየር ማረፊያ ሲመጣ እንደነበረው ሆነ።

እማዬ ግን ፀጉሩን መጣል እምቢ ብላለች። ሁለት ፌስታል ሙሉ አስቀምጣለች። ከሌላው ከፊሉን ባልኮኒው አጠገብ ያለው ዛፍ ላይ ሰቀለችው፣ ወፎች ጎጆ ይሥሩበት ብላ። እውነትም ዛሬ ጠዋት አንዷ ወፍ ይዛ ስትሄድ አየን።

የቢሾፍቱ ሐኪም

በረዶ ጀርባዋ ላይ የቁንጫ ጠብታ የተደረገላት መቼ ነው?

የበረዶ እናት

ካጠብኳት በኋላ፣ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ለምን ዶክተር?

የቢሾፍቱ ሐኪም

መድኃኒቱ ፀጉሩ ላይ ይቆያል። ጎጆ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን ሊጎዳ ይችላል። ያውርዱት። ጠብታ ያልነካው፣ ከዚያ በፊት የወጣው ፀጉር ካለ ግን ችግር የለውም።

የበረዶ እናት

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፌስታሎች ከመታጠቧ በፊት የወጡ ናቸው፣ ያለፈው ጠብታም ከመስከረም ወዲህ አልተደረገላትም። የዛፉን አሁን እያወረድኩ ነው። እማዬ አሮጌውን ፌስታል ይዛ እየመጣች ነው።